በጎጃም ከተሞች ለኪራይ ብለው ቤት ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ሞጣ፣ ትንሽ ገንዘብ የቋጠረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቤት ነው። እህል ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ከዓረብ አገር የምትልከው እህት፣ ሁሉም «ቤት አይከስርም» ይላሉ። ይከስራል እንጂ። በግ ለመግዛት ሁለት ገበያ የሚያማርጥ ሰው፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያፈስበትን ግቢ በአንድ ከሰዓት አይቶ ቀብድ ይሰጣል።

ገቢውን ከደላላ መጠየቅ

ደላላ የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ «አንቱ፣ ይኼ ክፍል እኮ አንድ ቀን ጦሙን አድሮ አያውቅም» ቢልዎ አይፍረዱበት፤ ሥራው ነው። የኪራዩን ነገር የሚያውቁት ተከራይና ጎረቤት ናቸው። በሰፈሩ ሦስት አራት ግቢ ያንኳኩ። «ክፍሉ ስንት ነው?» ብሎ መመለስ አይበቃም። ከዚህ በፊት ማን ነበረበት? ስንት ወር ባዶ ቆየ? የመብራትና የውኃውን ማን ይከፍላል? ኪራዩስ በቀኑ ይገባል? አከራይዋ እናት «ልጆቹ ለክረምት አገራቸው ገብተው ነዋ፣ መስከረም ሲጠባ ይመለሳሉ» ካሉ፣ ደላላው ያልነገረዎትን ትልቁን ነገር ነገሩዎት ማለት ነው።

ዓመቱን በ12 ወር ማስላት

ብዙው ሒሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በወረዳ ከተሞች ትንንሾቹን ክፍሎች ከሚይዙት ብዙዎቹ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከገጠር የሚመጡ ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ እንጀራቸውንና ሽሯቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኔ ላይ ፈተና ሲያልቅ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ቁልፉ በአከራዩ ኪስ ይከርማል። የወላጆቻቸውም ገንዘብ ወቅት አለው። ጤፉ ተወቅቶ ገበያ እስኪወጣ ድረስ የመስከረምና የጥቅምት ኪራይ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ይታገሡን» ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ 4 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት ባለ ስድስት ክፍል ግቢ እንውሰድ። ክፍሉ በ2,000 ብር ቢከራይ በወር 12,000፣ በ12 ወር 144,000 ብር ይመጣል። በ10 ወር ሲሰላ ግን 120,000 ብር ነው፤ ከዋጋው 3 በመቶ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ አድርጎት ነበር፤ በዚያ ስሌት ያው 4 ሚሊዮን ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 280,000 ብር ይወልዳል። ከኪራዩ ላይ ደግሞ ገና የኪራይ ገቢ ግብሩ፣ የቆርቆሮው ጥገና፣ የሽንት ቤቱ ማስመጠጫ አልተነሳም።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ብር ስለሚረክስ ነዋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ብሩን ባንክ ያስቀመጠና ቤት የያዘ ሰው እኩል አልሆኑም። ይህ በቂ ምክንያት ነው፤ እኔም አልከራከርበትም። ግን እንዲህ ያለው ቤት ጥሪት ማቆያ እንጂ የወር ገቢ ማግኛ አይደለም። ጉድ የሚፈላው «በኪራዩ የባንክ ብድሬን እከፍላለሁ» ብሎ የገባው ላይ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ተማሪ ይከራየዋል» ማለት

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ሐሳብ ስንቱ ሰርቪስ ደርድሯል! የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ በወጪ መጋራት ዶርም ያድራል፣ ካፌ ይበላል። ከግቢ ውጭ የሚከራዩት በብዛት መምህራን፣ የአስተዳደር ሠራተኞች፣ የማታና የክረምት ተማሪዎች ናቸው። እነሱ የሚፈልጉት ቤት ሌላ ዓይነት ነው። መምህሩ ከነቤተሰቡ የሚገባበት፣ ውኃ ያለው፣ በር የሚለይ ቤት ይሻል። እንጅባራም ያለው ሰው ይህንኑ ቢያጣራ ደግ ነው።

ምድር ቤቱን ለባንክ ብሎ መሥራት

ዋና መንገድ ዳር ጂ ፕላስ ሁለት የሚያቆም ሁሉ ምድር ቤቱን ለባንክ ቅርንጫፍ ያስባል፤ ሰፊ አዳራሽ፣ አንድ በር፣ ትልቅ መስታወት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር የመጣውን ለውጥ ግን ያየ ያውቀዋል። ዛሬ የጤፍ ነጋዴው ቢቸና ገበያ ላይ ቆሞ በስልኩ ይከፍላል፣ በስልኩ ይቀበላል። ባንክ ቅርንጫፍ መክፈት አቁሟል አልልም። አንድ ተከራይ ብቻ ታስቦ የተሠራ ወለል ግን ያ ተከራይ ካልመጣ ለፋርማሲም፣ ለልብስ ስፌትም፣ ለካፌም አይመችም። ግድግዳው ኋላ ሊከፈል እንዲችል፣ የውኃ መስመሩም በሁለት ሦስት ቦታ እንዲወጣ ከመነሻው ያሠሩ።

የራስን ጫና ከሒሳብ ማውጣት

ይህን የሚያሰላ ሰው አላየሁም። ደመወዝተኛ ሆኖ የሚያስገነባ ሰው ክፍል ውስጥ ቆሞ እያስተማረ ልቡ ሲሚንቶው ላይ ነው። በእረፍት ሰዓት ግንበኛው ይደውላል፤ አሸዋ አልቋል። ማታ የዕቁብ ሰብሳቢው ይደውላል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሥራ ላይ ስህተት ይበዛል፣ ከአለቃ ጋር መነታረክ ይመጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ሲሚንቶና ፌሮ ይቆማል፤ የቀን ሠራተኛው ይበተናል፣ የብድሩ ወለድ ግን ይቆጥራል። ብድር ሲወስዱ ሥራው ስድስት ወር ቢቆም ክፍያውን ከምን እንደሚያወጡት አስቀድመው ይጻፉት። አዲስ አበባ ሆነው ለወንድም አደራ የሚሰጡም ገንዘቡ የዋለበትን በየሳምንቱ በጽሑፍ ይቀበሉ። ወንድማማች የሚቀያየመው ተሰረቅሁ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ሳይጻፍ ቀርቶም ነው።

መሬቱን በአንድ ወቅት ብቻ ማየት

ዋልካ መሬት ሚያዝያ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ነሐሴ ላይ ያብጣል። የጎረቤቱን ግድግዳ በመስኮቶቹ ማዕዘን በኩል ይመልከቱ፤ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ የመሠረቱ ወጪ ከፍ ይላል።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ማቆየት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የሚገዙት ቤቱን ነው። ከከተማ ዳር ከአርሶ አደር «ቦታ» ገዝቶ የጨረቃ ቤት የሚያቆም ሰው የሚገዛው ሥጋት ነው። የሊዝ ቦታ ከሆነ የቀረውን ዘመንና ያልተከፈለውን የሊዝ ዕዳ ይጠይቁ፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ የተሰጠው 99 ዓመት ሲሆን ለንግድ ያነሰ ነው። ካርታውን ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር ያስተያዩ፣ ዕዳና እገዳ ያስጣሩ። ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ «እሷ ትስማማለች» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት አይቆምም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቀብድም ሕግ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ውሉን ቢተው ያጣዋል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ይህ እንዲሠራልዎ ቀብዱን በባንክ ያስገቡ፤ ውሉ ላይም «ቀብድ» የሚለው ቃል ከነገንዘቡ መጠን ይጻፍ።