እንደ እንዝርት የሚሾረው ሄሊኮፕተር

ዒድ ይሁን ገና፣ የበዓል ማግስት ሱቄ በር ላይ የማየው ነገር አንድ ነው። አንድ አባት፣ አንድ ያኮረፈ ልጅ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሄሊኮፕተር። ቅሬታቸውም አንድ ነው፦ «ይሾራል።» ደሴ ላይ ሬዲዮና ሞባይል ልጠግን የከፈትኩት ሱቅ ሳላስበው የሄሊኮፕተር ክሊኒክ ሆኗል።

የማወራው ስለ ልጆቹ ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። ሁለት ክንፍ ተደራርቦበት በሪሞት የሚበረው። ቻርጅ መሙላቱን፣ የሪሞቱ ባትሪ ድንጋይ አዲስ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ይሾራል

ላይኛው ክንፍ ወደ አንድ በኩል ይዞራል፣ ታችኛው በተቃራኒው። ገላው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሁለቱ ሲመጣጠኑ ነው። ስለዚህ አንዱን ክንፍ ብቻ የሚያዘገይ ነገር ሁሉ ያሾረዋል።

አብዛኞቹ ግን ጨርሶ አልተበላሹም። ውስጡ ጋይሮ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ማብሪያው ሲበራ «ቀጥ ብሎ መቆም ማለት ይህ ነው» ብላ የምትይዘው ያኔ ነው። ልጁ ደግሞ በእጁ እንደያዘ አብርቶ ይሮጣል። ጋይሮዋ የተሳሳተውን ይዛ ትቀራለች። መፍትሄው ነጻ ነው። አጥፉት። ደልዳላ ወለል ላይ አስቀምጡት። አብሩና እጃችሁን አንሱ። ልጁ እስከ አስር ይቁጠር። ከዚያ ሪሞቱ።

አንድ አባት ለዚሁ ሦስት ቀን ተመላልሷል። እኔ ጋ ይሠራል፣ ቤት ሲደርስ ይሾራል። በሦስተኛው ቀን «እስቲ እንደ ቤትህ አብራው» አልኩት። ከልጁ ቀምቶ፣ አየር ላይ ይዞ አበራው። «ልጁ እንዳይሰብረው ብዬ እኮ ነው!» ልጁን አየሁት፤ ወደ ጣሪያው ያያል።

ከቆጠራችሁም በኋላ በዝግታ ወደ አንድ በኩል ከዞረ፣ ሪሞቱ ላይ ያለችውን የማስተካከያ ቁልፍ ወደ ተቃራኒው አዙሩ። ይህን ስታደርጉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። መሬት አጠገብ የራሱ ንፋስ ተመልሶ ያንገላታዋል፣ ያሳስታችኋል።

አሁንም ይሾራል? ወረንጦ አምጡ። ሁለቱ ክንፎች የሚዞሩበትን ዘንግ በብርሃን እዩት። ዘንጉ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፣ ቀጭኑ ባዶው ውስጥ ገብቶ። እዚያ መሃል የገባ ፀጉር ወይም ክር አንዱን ክንፍ ይይዘዋል። በዚህ ተሸውጃለሁ፣ አልደብቅም። የሰኞ ገበያ ልጅ ነው፣ ሁለቱንም ሞተር ቀየርኩለት። በማግስቱ እየሾረ መጣ። «ጋሼ፣ አልዳነም።» ፈታሁት። ከታችኛው ጥርስ (ማርሽ) ሥር የነጠላ ዘርፍ ተጠምጥሞ ተገኘ። እናቱ ቡና ሲያፈሉ ሄሊኮፕተሩ ትከሻቸው ላይ አርፎ ነበር ለካ። የሞተሩን ብር መለስኩ። ቡናው ፊት የሚጎዘጎዘው ሳርም ያው ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ ሳሩን ይዞ ይነሳል። ቡናው ተጠጥቶ እስኪነሳ ይቆይ።

ቀጥሎ የሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሿን የፕላስቲክ ጥርስ እዩ። ስትሰነጠቅ ሞተሩ ይዞራል፣ እሷ ትንሸራተታለች። ጭርር የሚል ድምፅ ይሰማል። የምትሰነጠቀው ደግሞ ሲወድቅ አይደለም፤ ወድቆ ክንፉ ተይዞ ሳለ ልጁ ደንግጦ የሪሞቱን የጉልበት መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ ሲገፋ ነው። ሞተርም የሚቃጠለው እንዲሁ ነው። ከጎን የቆመው አባት ደግሞ «ከፍ አድርገው! ከፍ!» ይላል። አትበሉ! አንድ ቃል ብቻ አስተምሩት፦ «ልቀቅ።» ግድግዳ ሊነካ ሲል ልቀቅ። ሰው ፊት ሲሆን ልቀቅ። ከሁለት ሜትር መውደቅ ብዙ ጊዜ አይጎዳውም። መሬት ላይ አስቀምጣችሁ አሥር ጊዜ «ልቀቅ» እያላችሁ አለማምዱት፣ ከዚያ ይብረር።

ጥርሷ በሱፐር ግሉ ትያዛለች የሚሉ አሉ። ለሁለት ቀን ትያዛለች። ጠብታዋ ሞተሩ ውስጥ ከገባች ግን ሞተሩንም ደህና ሁን በሉት። መለወጫ ስትገዙ እዚያው ሱቁ ላይ ዘንጉ ላይ አስገብታችሁ ሞክሯት። የምትወላወል ከሆነ አትውሰዷት። ሰሞኑን የሚመጡት ልል ናቸው።

ጥርሷ ደህና ከሆነች ሁለት ደቂቃ አብርሩና ሞተሮቹን በጣት ዳስሱ። በጣም የሚፋጀው የደከመው ነው። ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ።

ይንቀጠቀጣል

የታጠፈ ክንፍ፣ ወይም አባት ያጠበቀው ብሎን። ክንፉ በብሎኑ ላይ ልል ብሎ መወዛወዝ አለበት፤ ሲዞር ራሱ ይቃናል። አታጥብቁት። የላይኛውና የታችኛው ክንፍም አይለዋወጡም፣ ቅርጻቸው ተቃራኒ ነው።

ይጮኻል፣ አይነሳም

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ክንፉ የሚገፋው ያንሰዋል። ልጁ ስቲከር ከለጠፈበት፣ ባትሪውም ካረጀ፣ አለቀ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አጎቱ ቤት ሲደርስ የተነሳለት ልጅ አውቃለሁ፤ እዚያ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ስቲከሩን ላጡ፣ ባትሪ ቀይሩ።

ውጭ ሪሞቱን አይሰማም

ሪሞቱ እንደ ቲቪ ሪሞት በኢንፍራሬድ የሚሠራ ከሆነ ፀሐይ ትጋርደዋለች። ቤት ውስጥ ወይም አመሻሽ ላይ። ሁለት ልጆች አብረው ሲያበሩ የሪሞቱን ቻናል አንዱ ኤ፣ ሌላው ቢ ላይ ያድርጉ።

ባትሪው

አንድ ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም ነው። ካበጠ አለቀለት። አትውጉት፣ አትጫኑት፣ «አንዴ ልሞክረው» አትበሉ። ፍራሽ ላይ ቻርጅ አይደረግም! አሮጌ የሸክላ ምጣድ ላይ አድርጉት፣ ሰው ባለበት። መብራት ሄዶ ከሆነ ንቀሉት፤ ሌሊት ሲመጣ ማንም አያየውም። ከበረራ እንደወረደ ትኩሱን አትሰኩት፣ ይቀዝቅዝ። ቻርጀሩ ከጠፋ ከዚያው ዓይነት ፈልጉ እንጂ ሽቦ ቀጥላችሁ አትሞክሩ። አንድ ሰው ሞክሮ ጠረጴዛውን አቃጥሏል።

የቀረው

ወደፊት አልሄድ ካለ የጭራዋ ሞተር ሽቦ ተበጥሷል፤ በሊድ ይበየዳል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ካለች ፀጉሯ ወደ ኋላ ይታሰር። ካሜራ ያለውን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ግቢ ውስጥም ቢሆን ከማስነሳታችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ፤ ይህን ድምፅ ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው በሰፈራችን ጥቂት አይደለም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከአውሮፕላን ማረፊያው ራቁ።

ወደ እኔ ስትመጡ ደግሞ ሪሞቱን አትርሱ። ሁሌ ይረሳል።