«የሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት» ብላችሁ ፋይል አትዝጉ፦ ከፈትል ክፍል የተለቀሙ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ በፈትል ፋብሪካ የደኅንነት ሥራ ለምትጀምሩ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን አንድ የአደጋ ሪፖርት ደረሰኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ ያው የለመድነው ተሞልቷል፦ «የሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት»።

ልጅቷ ጥጡን የሚያበጥረው የካርዲንግ ማሽን እየሠራ እጇን ለምን አስገባች? ብታቆመው የፈረቃው ምርት ይጎድላል፤ ተቆጣጣሪው ይጮኽባታል። የመከለያው ብሎን ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖታል፤ በሽቦ ታስሮ ይሠራል። ይህ ካልተጻፈ ነገ ሌላ እጅ ይገባል። ካሣ ለማስቀረት ብሎ የሚጽፈውም በከንቱ ይደክማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነገሩ ይለያል፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም እዚያው ይመደባል። ታዲያ የእርሷ መመሪያ የት አለ? በእንግሊዝኛ ተጽፎ ግድግዳ ላይ!

ማጥፊያውን መጫን ማሽን ማቆም የሚመስለውም ብዙ ነው። እኔም በጀማሪነቴ አጥፍቼ በሩን ከፈትሁና እጄን ሰደድሁ። አንድ አንጋፋ መካኒክ እጄን መትተው መለሱኝ። ከዚያ ቁንጥር ጥጥ ወደ ከበሮው ጣል አደረጉ፤ ወዲያው ተነነ። «ጣትህ ከዚህ ይጠነክራል?» አሉኝ። የድሮ ካርዲንግ ማሽን ከበሮ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ለደቂቃዎች ይሽከረከራል። መቆሙን በዓይን እዩ፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን በቁልፍ ቆልፉ፤ መክፈቻውን ኪሳችሁ ክተቱ።

ጆሮ ውስጥ የተወተፈ ጥጥ የጆሮ መከላከያ አይደለም።

«ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል» የሚለውን ሠራተኛ እሑድ የጠጣው ነው ብላችሁ አትሳቁበት። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ ከዕረፍት በተመለሱበት ቀን የሚብስ የሳንባ ሕመም ነው። ሐኪም ዘንድ ላኩት። በፈረቃ መውጫ ልብስን በአየር ግፊት ማራገፍንም ከልክሉ።

የልብስን ነገር እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ከደሴ የምትመጣ ልጅ ሌሊቱን በብርድ ሹራብ ደርባ ትወርዳለች። ፈትል ክፍሉ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ነው፤ አውልቃ ወገቧ ላይ ታስረዋለች። እጅጌው ቺንጋው አጠገብ ይንጠለጠላል። ቁም ሳጥን ጠየቅሁ፤ በጀት የለም ተባልሁ። መዶሻ ተውሼ በሩ አጠገብ ሃያ ምስማር መታሁ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ሹራብ ተሰቅሎበት ነበር።