ሮምን ለሁለት በሦስት ቀን እንዴት ማየት ይቻላል

ሮም ውስጥ ሦስት ቀን ያላቸው ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ የሚኮራረፉት በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አንዱ "ይቺን ብቻ አይተን" ይላል፣ ሌላው እግሩ ዝሎ መቀመጫ ይፈልጋል። ከዚህ የሚያድን አንድ ደንብ አለ፤ ሰዓት የተቆረጠላቸው ከባድ ጉብኝቶች ሁለት ብቻ ይሁኑ፣ እነሱም ኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየም፣ በተለያየ ቀን። የቀረውን ከተማ በእግር ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቪዛ

የያዛችሁት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 (እ.ኤ.አ.፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባጠበቀው አሠራር መደበኛው የቪዛ መጠበቂያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል። ስለዚህ "የጋብቻ በዓላችን ከወር በኋላ ነው" ብሎ መነሳት አያዋጣም። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ በመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ የምታመለክቱት እዚያው ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም።

ደረጃ 2፦ ወቅትና ማረፊያ

ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም ጥቅምት ይሻላል። ነሐሴን ተዉት፤ ሙቀቱ ያንገበግባል፣ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤትም ባለቤቱ ለዕረፍት ወጥቶ ዝግ ነው። ማረፊያ ስትመርጡ ሞንቲ ሰፈር ለኮሎሲየምም ለቴርሚኒ ባቡር ጣቢያም ቅርብ ነው። ትራስቴቬሬ ምሽቱ ያምራል፣ ግን ይጮሃል፤ እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ለእራት ሂዱና ሌላ ቦታ እደሩ። ከክፍሉ ዋጋ ሌላ በሰውና በአዳር የሚከፈል የከተማ ግብር እንዳለም አትርሱ። እንደ ሆቴሉ ኮከብ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ የሚከፈለውም እዚያው ስትደርሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለቱ ትኬቶች

የኮሎሲየም ትኬት ስም ስለሚጻፍበት በር ላይ ፓስፖርት ይታያል፤ ሲገዛ የቤት ስም ወይም ቅጽል እንዳትጽፉ። መደበኛው ትኬት ፎሮ ሮማኖን (የጥንቷን ሮም አደባባይ ፍርስራሽ) እና ፓላቲኖ ኮረብታን ይጨምራል። የቫቲካን ሙዚየም እሑድ ዝግ ነው፤ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታል፣ ሰልፉ ግን ነፃነቱን ያስረሳል። ረቡዕ ጠዋትንም ለቫቲካን አትመድቡ፤ ጳጳሱ አደባባዩ ላይ ሕዝብ የሚቀበሉበት ሰዓት ስለሆነ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ማለትም ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ መግባት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቀን

ኮሎሲየምን በጠዋቱ ጨርሱና ወደ ፎሮው እለፉ። እዚያ የቲቶ ቅስት ሥር ቁሙና የውስጡን ግድግዳ ተመልከቱ። በ70 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ከተማረከች በኋላ የሮም ወታደሮች ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲሄዱ በድንጋይ ተቀርጿል። ብዙ ሰው በቅስቱ ሥር ስልኩን እያየ ያልፋል።

ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ቁልቁል ውረዱ፤ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የቆመው እዚህ ነበር፣ ዛሬ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት። ያ ሕንፃ የጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን የተጀመረ ነው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ገብቶ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። እዚህ ብዙ የሚታይ የለም፤ ለእኛ ግን ከሥዕል ማሳያ ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ።

በቺርኮ ማሲሞ ሜዳ ዳር አድርጋችሁ አቬንቲኖ ኮረብታን ውጡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የብርቱካን ዛፎቹ መናፈሻ ውስጥ ሁኑ፤ ከተማው በሙሉ ከፊታችሁ ነው። ጥቂት ርምጃ አልፎ የማልታ ባላባቶች የተባለው የካቶሊክ ማኅበር በር አለ። በቁልፉ ቀዳዳ ስታጮልቁ ግራና ቀኝ የተከረከመ ቁጥቋጦ፣ መሐሉ ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ይታያል። አንድ ዓይን ብቻ ስለሚበቃው ተራ በተራ ነው፤ ማን ይቅደም የሚለውን እናንተ ጨርሱት።

ደረጃ 5፦ የቫቲካን ቀን

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ መያዝ ይበቃል። ሙዚየሙ ረጅም ስለሆነ ሁሉንም አዳራሽ ለመቃኘት አትሞክሩ። ጉልበታችሁን ለሲስቲና ጸሎት ቤት ቆጥቡ። ሚካኤል አንጄሎ ጣሪያውን ከ1508 እስከ 1512 ሣለው፣ የፊት ለፊቱን የመጨረሻ ፍርድ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሶ ሠራው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ከባዚሊካው ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548ና 1549 ሮም ላይ ያሳተሙትም እዚህ ተቀምጠው ነው። በቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። ታሪኩ የሚስባችሁ ከሆነ የቫቲካን አትክልት ስፍራ ጉብኝትን ከሙዚየሙ ጋር አብራችሁ ያዙ።

ደረጃ 6፦ ሦስተኛው ቀን፣ ያለ ሰዓት

ትሬቪ ምንጭ ጋ ጎህ ሲቀድ ድረሱ፤ ከረፋድ በኋላ ሰው እንጂ ውኃ አይታይም። ከዚያ ፓንቴዮን፣ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረው። ትኬቱ በተጀመረበት በ2023 አምስት ዩሮ ነበር። የጉልላቱ አናት ክፍት ነው፤ ሲዘንብ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ውኃው የሚሰርግባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ስለዚህ ዝናብ ከጣለ ሆቴል አትቀመጡ፣ ወደዚያ ሩጡ። የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል።

ጥቂት የሆድ ነገር። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ በጣም ይረክሳል። ማኪያቶ ስትሉ የሚመጣው የአዲስ አበባው አይደለም፤ ወተት ነካ የተደረገበት በትንሽ ስኒ ያለ ቡና ነው። ጾም ከሆነ ፒዛ ማሪናራ አይብ የለውም፣ በአይሁድ ሰፈር ደግሞ በዘይት የተጠበሰ አርቲቾክ ብሉ። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ ናቸው። የቧንቧውን አፍ በጣት ስትደፍኑት ከላይ ካለችው ቀዳዳ ውኃው ወደ አፋችሁ ይፈነጠቃል።

ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ፤ ኪስ አውላቂ ይወደዋል። ጽጌረዳ "ለእመቤቲቱ ስጦታ" ብሎ እጇ ላይ የሚያስጨብጥ ካለም ሒሳቡ ወደ ባልየው ይዞራል። አበባውን ሳትቀበሉ እለፉ።

ደረጃ 7፦ መመለሻ

ከቴርሚኒ ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ 32 ደቂቃ ይፈጅበታል። ግማሽ ሰዓት ከተረፋችሁ ከጣቢያው ወጣ ብሎ የዶጋሊን ሐውልት እዩ። በ1887 ራስ አሉላ ለደመሰሱት የጣሊያን ጦር መታሰቢያ ነው፤ የጣቢያው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ" የተባለውም በእነሱ ነው። ዘርአይ ደረስ በ1938 ተቃውሞውን ያሰማው እዚሁ ነበር። ሻንጣችሁን ጣቢያው ውስጥ አስቀምጡና ሂዱ፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ።