የተከራዩት ቤት ሲሻግት፦ የአከራዩና የተከራዩ ድርሻ

ባሕር ዳር ሐምሌ ሲጋመስ አልጋው የተጠጋበት ግድግዳ ጥቁር ነጥብ ያወጣል፤ ቁም ሳጥን ሲከፈት ልብሱ ይሸታል። አከራይ «መስኮት አትከፍቱም» ይላል፣ ተከራይ «ቤቱ ያፈሳል» ይላል። ኃላፊው የሚታወቀው ውሃው ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ነው፤ ስለዚህ በረኪና ከማንሳትዎ በፊት ግድግዳውን በደንብ ይዩት።

እርጥበቱ ከሊሾው ተነስቶ እስከ ወገብ ከወጣ፣ ቀለሙ ከተላጠና ነጭ ጨው ከተፋ፣ መሠረቱ ውሃ እየሳበ ነው። እንደ ሽምብጥ ባሉ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች ይህ አያስገርምም። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ካለ የቆርቆሮው ሚስማር ጎማ አርጅቷል ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኗል። የመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ብቻ ከረጠበ ቧንቧ ይጠርጥሩ፦ ውሃ ባለበት ሌሊት ሁሉንም ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ጠዋት ቁጥሩ ከጨመረ የሚያፈስ አለ። እነዚህ ሦስቱ የአከራዩ ሥራ ናቸው።

የሚያከራክረው ከቁም ሳጥን ጀርባና ከጥግ የሚወጣው ነው። ለዚህ ቀላል ፈተና አለ። ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና ሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ነው። ላስቲኩ በውጭ በኩል ካላበ ግን የክፍሉ አየር ነው፦ የማብሰያ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ የተዘጋ መስኮት። ይህ የተከራዩ ድርሻ ነው፤ መስኮቱ የማይከፈት ወይም ጭራሽ የሌለ ካልሆነ በቀር።

የሐይቅ ዳር ሰው መስኮት የሚዘጋው ለትንኝ ብሎ ነው፤ ልክም ነው። ዝናብ በሌለበት ሰዓት፣ ከረፋድ እስከ አመሻሽ፣ ትይዩ የሆኑትን መስኮትና በር ይክፈቱ፤ ወንፊት ሽቦ ቢገጠም ደግሞ ማታም ይቻላል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያርቁ። ፍራሽ ሊሾ ላይ አይዘርጉ፤ ከሥሩ ይሻግታል። የእህል ጆንያም እንጨት ላይ ይቀመጥ።

ችግሩ የአከራዩ ከሆነ በዚያው ሳምንት ይንገሩ። ፎቶ ያንሱ፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፈው አንዱን አስፈርመው ያስቀሩ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚሆን ሁኔታ እንዲያስረክብና በኪራዩ ዘመን እንዲጠግን፣ ተከራይም በጥንቃቄ እንዲይዝ ያዛል። ዝም ብለው ቆይተው ኮርኒሱ ቢወድቅ ግን ጥያቄው ወደ እርስዎ ይዞራል። በራስዎ አሠርተው ከኪራይ መቀነስ ከፈለጉ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማሙ፤ በቃል የተባለ ነገር ኪራይ መክፈያው ሲደርስ ይካዳል።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ማጽዳት። ከ1 ሜትር በ1 ሜትር የማይበልጥ ሻጋታ ራስዎ ይችሉታል፤ ከዚያ የሰፋውን፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ ለባለሙያ ይተዉ። ጓንትና ማስክ አድርገው መስኮት ይክፈቱ። በደረቁ አይፈግፍጉ፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላል። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ያርጥቡና ይጠቡ፤ ቀጥሎ 1 ብርጭቆ በረኪና በ16 ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ቀብተው እስኪደርቅ ይተዉ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይህ ለሲሚንቶ ልስን ነው። የጭቃ ቤት ግን ውሃ ይጠጣል፤ የሻገተው ልስን ተፍቆ እንደገና ይመረግ። በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳይደርቅ ዘይት ቀለም የተቀባም በሚቀጥለው ክረምት ይላጣል።

የጣሪያና የአሸንዳ ጥገና ግንቦት ሳያልቅ ይጠየቅ። በበጋ ቤት የሚፈልጉ ደግሞ ክፍሉ ከታች አንድ ሜትር ያህል ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካዩ ሳይጠይቁ አይዋዋሉ።