ክረምት ሳይገባ ቤትን ማሰናዳት፦ ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን ከየት እንጀምር?

አንድ ክረምት ላይ የልጄ ደብተሮች በአንድ ሌሊት ረጠቡ። ቦርሳውን ሁልጊዜ የሚያስቀምጠው ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ጥግ ነው። ዝናቡ የጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን ሁላችንም ተኝተን ነበር። ጠዋት ቦርሳውን ሲያነሳው ከስሩ ውሃ ተንጠባጠበ። ዓመቱን ሙሉ የጻፈው ቀለም ከገጽ ወደ ገጽ ተሰራጭቶ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ገጾቹን አንድ በአንድ ይገልጥ ነበር። በዚያው ወር አዲስ ብርድ ልብስና መጋረጃ ገዝቻለሁ። የጣሪያው ሚስማር መላላቱን ደግሞ ካወቅሁ ቆይቷል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምከተለው ቅደም ተከተል አንድ ነው። መጀመሪያ ከላይ የሚመጣውን ውሃ፣ ቀጥሎ ከመሬት የሚመጣውን፣ ከዚያ ንፋሱን። ሙቀት የሚሰጥ ነገር የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው፣ ገንዘብ ከተረፈ። አብዛኞቻችን የምናደርገው ግልባጩን ነው። በረደኝ እንላለን፣ ብርድ ልብስ እንገዛለን። ቤቱ እርጥብ ከሆነ ግን ብርድ ልብሱም ይረጥባል። የረጠበ ብርድ ልብስ ደግሞ አያሞቅም።

ሥራውን ዝናቡ ይጀምራል ብላችሁ ከምትጠብቁት ጊዜ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ቀዳዳ የሚደፈንበት ማንኛውም ማጣበቂያ ደረቅ ቆርቆሮ ይፈልጋል። አናጺም ዝናብ ከጀመረ በኋላ በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው።

ጣሪያው

ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃው በቀዳዳው ይገባል፣ እንጨቱን ይዞ ይሄዳል፣ የሆነ ቦታ ሲደርስ ይወድቃል። እኔ ለሁለት ዓመት የተሳሳተ ቦታ ሳስደፍን ኖሬያለሁ። የኛ ቤት ጠብታ የሚወርደው ልጁ አልጋ ጋ ነው፤ ቀዳዳው የተገኘው ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብሎ ወደ ላይኛው በኩል ነው።

ቀዳዳ ለመፈለግ ዝናብ አያስፈልግም፤ ፀሐይ ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮቱን ዝጉ፣ መጋረጃውን አውርዱ፣ መብራት አጥፉ። ኮርኒስ ካለ በመውጫው በኩል ጭንቅላታችሁን ብቻ አስገብታችሁ እዩ። አይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ታገሱ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ እንደ ኮከብ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ታያላችሁ። እያንዳንዷ ነጥብ ቀዳዳ ናት። በነጥቧ ቀጭን ሽቦ ወደ ውጭ ግፉ። ውጭ ያለው ሰው ሽቦዋ ብቅ ያለችበትን ቦታ በቀለም ወይም በኖራ ምልክት ያደርጋል። ባለፈው ዓመት እኔ ከውስጥ፣ ልጄ ከውጭ ሆነን በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ቀዳዳ አግኝተናል። ዘጠኙ የሚስማር ቦታ ነበሩ።

ይህ አይገርምም። ቆርቆሮ በቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ በብርድ ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን እየነቀነቀ ያላላዋል፤ ከስሩ ያለው ጎማም ይደርቅና ይሰነጠቃል። የላላ ሚስማርን በመዶሻ መልሶ መምታት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቀዳዳው ሰፍቷልና። ነቅላችሁ አውጡት፣ ወፈርና ረዘም ያለ ሚስማር አዲስ ጎማ አድርጋችሁ ምቱ። ጎማ መግዛት የማያስፈልግበት መንገድም አለ። ያለቀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በመቀስ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ መሃሉን ብሱና ሚስማሩ ስር አስገቡት። ሚስማር የሚመታው ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ጎድጓዳው ውሃው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ እዚያ የተመታ ሚስማር አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም።

ትንሽ ቀዳዳ ሲሆን ዙሪያውን ዝገቱ እስኪለቅ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ ሲሊኮን ወይም ሬንጅ ቀቡት። ከአውራ ጣት የሰፋ ከሆነ ሬንጅ ብቻውን አይበቃም። ቁራጭ ቆርቆሮ ያስፈልገዋል። የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ከበላዩ ባለው ቆርቆሮ ስር መግባት አለበት። ከላይ ብቻ ከተለጠፈ ውሃው በጠርዙ በኩል ሰርጎ ይገባል። የዶሮ ላባ እንዴት እንደተደራረበ አስቡት፤ የላይኛው ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ያርፋል። የሚደፈነውም ከውጭ ነው። ከውስጥ የተደፈነ ቀዳዳ ውሃውን እዚያው አግቶ ቆርቆሮውን ያበሰብሰዋል።

አንድ የተከፈተ የሲሊኮን ቱቦ ለዓመት አይቆይም፣ አፉ ይደርቃል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተካፍላችሁ ግዙ፣ በአንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ቤት ጨርሱ። እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ መሰላሉም የነሱ ነው።

ስትወጡ ሚስማሮቹ በተሰለፉበት መስመር ላይ ብቻ ርገጡ፣ ከስሩ እንጨት አለና። እርጥብ ጣሪያ ላይ በፍጹም አትውጡ። የመብራት ሽቦ ጣሪያውን ተጠግቶ የሚያልፍ ከሆነ ሥራውን ለባለሙያ ተዉት። እዚህ ጋ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም።

አሸንዳና ግቢ

አሸንዳ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ያለው ደግሞ አያጸዳውም። አሸንዳችንን ስንጠርግ ቅጠል፣ አፈር፣ የወፍ ጎጆና አንድ የሕፃን ነጠላ ጫማ አውጥተናል። ከጠረጋችሁ በኋላ ከፍ ባለው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱና እዩት። ውሃው አንድ ቦታ ከተኛ አሸንዳው ተዳፋቱን አጥቷል ማለት ነው። በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል በቂ ነው። ማሰሪያውን ትንሽ ማንሳት ወይም ማውረድ ብቻ ይፈልጋል።

የውሃውን ብዛት አቅልላችሁ አትዩት። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። ጣሪያችሁ 30 ካሬ ሜትር ከሆነና በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊሜትር ከዘነበ 600 ሊትር ውሃ ነው። 30 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው! ያ ሁሉ ውሃ ግድግዳው ስር ከፈሰሰ መሠረቱ ይረጥባል። መሠረቱ ከረጠበ ግድግዳው ከታች ወደ ላይ ውሃ ይመጥጣል። ቀለሙ ከወለሉ በላይ አንድ ክንድ ያህል የሚላጥባቸው ቤቶች ችግር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። አዲስ ቀለም አያድነውም።

ስለዚህ አሸንዳው የሚያፈስበትን ቱቦ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቁት። የተቀደደ ቱቦም ሆነ ከቁራጭ ቆርቆሮ የታጠፈ ቦይ ይሠራል። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ደግሞ ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ 5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ግቢያችሁ ወደ ቤቱ የሚያዘነብል ከሆነ ከላይ በኩል ቦይ ቆፍሩ። የቆፈራችሁትን አፈር በቤቱ በኩል ከምሩት፣ በሌላኛው በኩል ከሆነ ውሃው ወደ ቦዩ አይገባም። ቦዩ የሚያበቃበትንም አስቡ። የጎረቤት በር ላይ የሚያበቃ ቦይ ሥራ አይባልም።

ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ብትይዙ ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዝናብ ግን አትያዙ፣ ጣሪያውን የሚያጥቡ ናቸው። በርሜሉን ክፍት አትተዉት። የተከማቸ ውሃ ላይ ትንኝ እንቁላል ትጥላለች፤ በሳምንት ከምናምን ውስጥ አድጋ ትበራለች። ያረጀ መጋረጃ ወይም አጎበር ቆርጣችሁ አፉ ላይ እሰሩ።

ንፋሱ

ይህ ሥራ ከሁሉም ርካሹ ነው። ከበራችሁ ስር 1 ሴንቲሜትር ክፍተት አለ እንበል። የበሩ ስፋት 80 ሴንቲሜትር ነው። ሲባዛ 80 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። በግድግዳችሁ ላይ ጎንና ጎኑ 9 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ ቢኖር ዝም ትላላችሁ? የበሩ ስር ግን ያንኑ ያህል ነው፤ ስለማይታይ ብቻ እንተወዋለን። ያረጀ ሱሪ አንዱን እግር ቁረጡ፣ ሌላ አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቁበት፣ ሁለቱን ጫፍ ስፉት። ማታ በሩ ስር ጣሉት። የኔ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ለመስኮት ደግሞ ሻማ አብርታችሁ በጠርዙ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ከመጋረጃው ግን አርቁት። ነበልባሉ በተጋደመበት ቦታ ንፋስ ይገባል። እዚያ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ጠቅጥቁ።

ሁሉንም ቀዳዳ ግን አትድፈኑ። ቤት መተንፈስ አለበት። ምግብ ስናበስል፣ ስንታጠብ፣ ስንተኛ እንኳ ከአፋችን እርጥበት ይወጣል። ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ ደግሞ ውሃው ሁሉ የሚሄደው ወደ ክፍሉ አየር ነው። ከዚያ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን ወይም በርና መስኮት ለ10 ደቂቃ ክፈቱ። ቁም ሣጥንና አልጋን ከግድግዳው 5 ሴንቲሜትር አርቁ። እኔ ይህን ያወቅሁት ቁም ሣጥኑን ስገፋ ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ ሳገኘው ነው። ውስጡ የነበረው የባለቤቴ ኮት ሽታ በሦስት እጥበት አልለቀቀም።

ሻጋታ የረጠበ ነገር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ስለዚህ የረጠበ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ነገ ይደርሳል አይባልም። የበቀለውን በሳሙናና በውሃ ፈትጋችሁ አድርቁት፤ በላዩ ቀለም መቀባት መደበቅ ብቻ ነው። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ሙቀቱ፣ በመጨረሻ

አሁን ገንዘብ ከተረፈ ወደ ብርድ ልብስ እንምጣ። አንድ ወፍራም ከመግዛት ያሏችሁን ሁለት ስስ መደረብ ይቀላል፤ በመሃላቸው የሚያዘው አየር ነው የሚያሞቀው። ብርድ ከስርም እንደሚመጣ አትርሱ። ፍራሹ ወለል ላይ ከሆነ ከስሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፉ፣ ቀን ቀን ደግሞ አንሱትና ግድግዳ አስደግፉት። ብርድ ልብሶቹን ፀሐይ ሳለ አጥባችሁ አድርቁ። ክረምቱ ከገባ በኋላ የታጠበ ብርድ ልብስ ለሳምንት አይደርቅም።

ከሰል ግን እባካችሁ መኝታ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ጋዙ የሚወጣው ግን ያን ጊዜም ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በሩን ስለደፈንን ደግሞ አደጋው ይብሳል። በርዷችሁ ከሆነ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ጋ አድርጉት። ለሕፃን ከሆነ አልጋውን ካሞቀ በኋላ አውጡት።

የመብራት ማከፋፈያዎችን ከወለል አንሱ። ውሃ የነካው ሶኬት ካለ ከቆጣሪው አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። የልደት ወረቀት፣ የቤት ሰነድና የትምህርት ማስረጃ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ። የልጄ ቦርሳ አሁን የሚውለው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል አትተኙ። ባትሪና እርሳስ ይዛችሁ እያንዳንዱን ክፍል ዙሩ። ጠብታ ያያችሁበትን ቦታ ክበቡትና ቀኑን ጻፉበት። ጣሪያው እንደገና ሲደርቅ ከዚያ ምልክት ተነስታችሁ ወደ ላይኛው በኩል ፈልጉ።