ገመድ ላይ አትሰስቱ፦ በደጋ ቤት ላይ ሶላር እንዴት እንደሚገጠም

መንዝ እናቴ ቤት የገጠምኩት የመጀመሪያው ሶላር አሥር ወር ነው የቆየው። መስከረም ላይ በራ፤ በጋውን ሙሉ ጎረቤቱ ስልኩን እየያዘ እየመጣ መረቀኝ። ሐምሌ ሲገባ ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራቱ እየፈዘዘ ይጠፋ ጀመር። እማዬ ደውላ “አንተ ልጅ፣ ይሄ ያንተ መብራት ከእኔ ቀድሞ ይተኛል” አለችኝ። ሄጄ ሳየው አዲሱ ባትሪ ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደገደልኩት ከታች በሰፊው አለ፣ ሌላውን ቢዘሉት እንኳ እሱን አንብቡት።

ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን የራሴን ቤት ጨምሮ አራት ቦታ ገጥሜያለሁ። ባለሙያ አይደለሁም። የምጽፈውም ለአምፖል፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ስለሚሆን ባለ 12 ቮልት ሶላር ነው። በዚህ እንጀራ እጋግራለሁ የሚል ካለ ይቅርበት፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ካውያና ስቶቭም እንደዚያው።

1. መጀመሪያ ደብተር

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ ጻፉ፤ ዋቱን በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዙ። የእናቴ ቤት ይህን ይመስላል፦ ባለ 7 ዋት አምፖል አራት ለ5 ሰዓት፣ 140 ዋት ሰዓት። ቴሌቪዥን 50 ዋት ለ4 ሰዓት፣ 200። ሪሲቨር 15 ዋት ለ4 ሰዓት፣ 60። አራት ስልክ እያንዳንዱ 15፣ 60። ድምሩ 460 ነው። በገመድ፣ በባትሪና በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቴሌቪዥን ወደሚሆን መብራት በሚቀይረው ሳጥን) የሚባክን ስላለ ሲሶ ያህል ጨምሬ 600 አደርገዋለሁ።

አሁን ይህን ለፀሐይ ሰዓት ማካፈል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የበጋውን ፀሐይ ይዞ ስለሚያሰላ ነው። በበጋ በቀን 5 እና 6 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት (ፀሐይዋ በሙሉ ኃይሏ እንዳበራች ተቆጥሮ) ይገኛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን፣ በተለይ ጉም በማይለቀው በጣርማ በርና በአንኮበር በኩል፣ እኔ ከ3 በላይ አልይዝም። 600 ለ3 ሲካፈል 200 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓኔል።

ባትሪው ደግሞ ለአንድ ሌሊት ወደ 50 አምፔር ሰዓት (600 ለ12 ቮልት ሲካፈል) ይፈለግበታል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በየቀኑ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ ትንሹ 100 ነው፤ ሁለት ቀን ቢደምንም እንዲያስችል 200 ቢሆን ይሻላል። ሊቲየም (አይረን ፎስፌት የሚባለው) ከሆነ 80 በመቶውን ያለ ሐሳብ መጠቀም ስለሚቻል 100 አምፔር ሰዓት አንድ ሌሊት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ገንዘቡ ካለ ሊቲየም ግዙ። የመኪና ባትሪ ግን ስጦታ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲፈስ ይበላሻል።

2. ገበያ

መርካቶም ሄዳችሁ እዚሁም ብትገዙ አንድ ሜትርና ሚዛን ያዙ። ቀልድ አይደለም። ቀጥ ያለ ፀሐይ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ 1,000 ዋት ያህል ያወርዳል፤ ጥሩ ፓኔል ከዚህ አንድ አምስተኛውን ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው። እንግዲህ አንድ ሜትር ካሬ የማይሞላ ፓኔል ጀርባው ላይ “300 ዋት” ተጽፎበት ካያችሁ ጽሑፉ ውሸት ነው። ባትሪም እንዲሁ፦ እውነተኛ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። በአንድ እጅ ብድግ የሚል ከሆነ አስቀምጡትና ውጡ።

ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ሁለት ዓይነት ነው፤ ርካሹ ፒ ደብሊው ኤም፣ ውዱ ኤም ፒ ፒ ቲ። ለባለ 12 ቮልት ትንንሽ ፓኔሎች ርካሹ ይበቃል። ነገር ግን እነዚያን ትልልቅ ባለ 330 ዋት ፓኔሎች በርካሽ ኮንትሮለር ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ካገናኛችኋቸው፣ ፓኔሉ በ37 ቮልት መሥራት ሲችል ወደ ባትሪው ቮልት ይጎተትና የሚገባላችሁ ከ120 ዋት ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሦስተኛውን ጣሪያ ላይ ጥላችሁ መጣችሁ ማለት ነው።

ከመሣሪያ ትራፓኖ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቁልፍና ቴስተር ያስፈልጋል። ቴስተር ሳይኖራችሁ ሥራውን አትጀምሩት፤ ርካሹም ይሆናል።

3. ጣሪያው

ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ ያድርግ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ስለምንገኝ ፀሐይዋ አብዛኛውን ዓመት በደቡብ በኩል ነች። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ግን ከአናት ብዙም ስለማትርቅ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ዝርግ አድርጎ ማስተኛት አይመከርም፣ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ተዳፋት ይፈልጋል።

ቆርቆሮውን ስትበሱ እብጠቱ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ አትብሱ፤ ቡሎኑም ከሥር ያለውን ሞራሌ መያዝ አለበት፣ ከላይ ጎማና ሮንደላ ይግባበት። ፓኔሉንና ቆርቆሮውን የአንድ መዳፍ ያህል አራርቁ፣ አየር ይለፍበት። በሽቦ ጠፍሮ ማሰር የሚባል ነገር አለ። የደብረ ብርሃንን የበጋ ንፋስ የሚያውቅ ሰው አያደርገውም። አንጎላሬ አስበይዱ።

ባሕር ዛፍ! ቤታችሁ በስተደቡብ ባሕር ዛፍ ካለ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚደርስ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ጥላው ይረዝማል። የፓኔሉ ሴሎች እርስ በርስ የተቀጣጠሉ ስለሆኑ አንድ ቅርንጫፍ ጥግ ላይ ሲያጠላ የሚጎዳው ጥጉን ብቻ አይደለም፤ እንደታጠፈ የውሃ ጎማ የሌላውንም ያንቃል።

4. ኮንትሮለሩና ባትሪው መሃል

እዚህ ላይ ነው ባትሪውን የገደልኩት።

እማዬ የኮንትሮለሩን አረንጓዴ መብራት ማየት ወደደች፤ እንግዳም ሲመጣ ይታይ ብላ ሳሎን ግድግዳ ላይ አሰቀለችኝ። ባትሪው ከባድና የማያምር ስለሆነ ጓዳ ገባ። በመካከላቸው 8 ሜትር ነበር። እኔም ከቤት መብራት ዝርጋታ የተረፈ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ነበረኝና በእሱ አገናኘሁት፤ ሲያጥረኝ ቀጥዬ ጠምዝዤ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ሲበራ አየሁ፤ ሠራ ብዬ ተመለስኩ።

ባትሪው ከሞተ በኋላ ተሸክሜው ደብረ ብርሃን አንድ በዕድሜ የገፉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ባትሪው አንድም ቃል ሳይናገሩ “ኮንትሮለሩና ባትሪው መሃል ስንት ሜትር ነው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። “ገመዱስ?” ቁራጩን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። በሁለት ጣት ያዝ አድርገው “ይሄማ የበር ደወል ነው” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትሮለሩ ባትሪው መሙላቱን የሚያውቀው በራሱ ጫፍ ላይ በሚለካው ቮልት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ በደንብ እንዲሞላ 14.4 ቮልት አካባቢ መድረስና እዚያ ላይ መቆየት አለበት። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ኮንትሮለሩ 14.4 አይቶ “ሞልቷል” ይልና የሚልከውን ይቀንሳል፤ ጓዳ ያለው ባትሪ ግን ገና 13.3 ላይ ነው። ፀሐይዋ ትጠልቃለች፣ ባትሪው ሳይጠግብ ያድራል። በማግስቱም ሳይጠግብ። በዚህ ሁኔታ የከረመ ሊድ አሲድ ባትሪ ውስጡ ይደርቅበታል ይባላል፤ በትክክል የሚሆነው ሰሌዳዎቹ ላይ የማይሟሟ የሰልፌት ድንጋይ ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ ቢሞሉትም አይሞላም። በጋ ላይ ፀሐዩ ስለሚተርፍ ጉድለቱን አልታዘብኩትም። ክረምቱ አጋለጠኝ።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት፦ የገመዱን ርዝመት ደርሶ መልስ በሜትር ውሰዱ፣ በ0.0175 አባዙ፣ ለገመዱ ውፍረት በሚሊ ሜትር ካሬ አካፍሉ፣ ከዚያ በአምፔሩ አባዙ። የእኔ 16 ሜትር በ0.0175፣ ለ1.5 ሲካፈል 0.187፤ በ6 አምፔር 1.1 ቮልት። ያ ጠምዝዤ የጠቀለልኩት መቀጠያ የሚበላው ገና አልተቆጠረም።

አሁን ኮንትሮለሩ ጓዳ ውስጥ ከባትሪው አንድ ሜትር ላይ ነው፣ ገመዱ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ። የሚጠፋው ቮልት ከ0.05 አይበልጥም። ርቀት ካለባችሁ በፓኔሉና በኮንትሮለሩ መሃል ይሁን፤ ፓኔሉ ሲሠራ 18 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ አንድ ቮልት ቢጎድልበት ይችለዋል፣ እዚያ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል። ባትሪው በኩል ግን ግማሽ ቮልትም አትፍቀዱ። ጫፎቹ ላይ የሚጨመቅ የመዳብ ቀለበት ይግባ፤ ናስትሮ ለመከለያ እንጂ ለማያያዣ አይሆንም።

እማዬ አረንጓዴውን መብራት ለማየት አሁን ጓዳ መግባት አለባት። እስከ ዛሬ ትነጫነጭብኛለች።

ለመፈተሽ፦ ፀሐይ በደንብ በወጣበት ቀን ረፋድ ላይ ቴስተሩን መጀመሪያ ኮንትሮለሩ የባትሪ ጫፍ ላይ፣ ቀጥሎ ባትሪው ምሰሶ ላይ አድርጉ። ልዩነቱ ከ0.1 ቮልት ከበለጠ የሆነ ነገር ላልቷል ወይም ቀጥኗል። ይህን ከገጠሙ በኋላ የሚለካ ሰው ብዙም አላየሁም።

5 እና 6. ማገናኘት

ቅደም ተከተሉ ባትሪ፣ ፓኔል፣ ከዚያ አምፖል ነው። ስታላቅቁ በተቃራኒው። ፓኔሉን ቀድማችሁ ከሰካችሁ አንዳንዱ ኮንትሮለር ባትሪው ስንት ቮልት እንደሆነ ሳያውቅ ስለሚነሳ ይቃጠላል። ከባትሪው ቀይ ጫፍ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ይግባ፤ ባትሪ ሲነካካ የሚለቀው አምፔር ቁልፍ ያቀልጣል፣ ቀለበታችሁንም ከጣታችሁ አውልቁ። ለቤት መብራት የሚሸጠውን ብሬከር በፓኔሉ መስመር ላይ አትጠቀሙ፣ የዲሲ (ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣውን ኃይል) ብልጭታ ማጥፋት አይችልም።

የኮንትሮለሩን የባትሪ ዓይነት ምርጫ አስተካክሉ። ሊቲየም ከሆነ ሊቲየም ላይ። ክዳኑ የሚከፈት፣ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ መኝታ ቤትም ምድጃ ካለበትም አይቀመጥ።

አምፖሉ ባለ 12 ቮልት ከሆነ በቀጥታ ከኮንትሮለሩ ይሂድ። ኢንቨርተር የሚያስፈልገው ለቴሌቪዥኑ ነው፤ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን ግዙ፣ ሲጨርሱ ደግሞ አጥፉት፣ ምንም ሳይሰካበት ባዶውን ከ10 እስከ 20 ዋት እየበላ ያድራል። የፓኔሉን ብረት በመዳብ ገመድ መሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር ማያያዝ አትርሱ፤ የመንዝን መብረቅ ታውቁታላችሁ።

7. የመስመር መብራት ላለው ቤት

ከተማ ለምንኖር ሶላሩ መብራት ሲጠፋ ተጠባባቂ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የኢንቨርተሩን ወይም የጄኔሬተሩን ገመድ ሁለት ጎን ወንድ ሶኬት ሠርቶ ግድግዳ ላይ መሰካት በብዙ ቤት አይቻለሁ። ኃይሉ ወደ ውጪ መስመር ተመልሶ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ከፍተኛ ቮልት ይወጣል፤ መብራት የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። መብራቱ ድንገት ቢመጣ ደግሞ ኢንቨርተራችሁ ይቃጠላል። ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ሊያገናኝ የማይችል ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ አስገቡ፣ ይህችን በባለሙያ አሠሯት።

ክረምትና ቆላ

ከጣርማ በር ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የምትኖሩ ችግራችሁ ሌላ ነው። ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ ለሊድ አሲድ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከቆርቆሮው ሥር ሳይሆን ቀዝቃዛ ወለል ላይ አስቀምጡት። እኛ ደጋ ላይ ደግሞ ሊቲየም ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ መሞላት ስለሌለበት፣ የኅዳር ውርጭ በሚመታው በረንዳ ላይ አይደር። ኢንቨርተርንም ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጉበት፤ ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ ለማቀዝቀዝ ይቸገራል።

በጋ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ፓኔሉን ጠዋት፣ ሳይግል፣ በውሃና በጨርቅ ጥረጉ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቡሎኖቹን አጥብቁ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጠዋት ምንም ሳይበራ የባትሪውን ቮልት ለኩ፦ ሊድ አሲድ 12.2 ካሳየ ግማሽ ላይ ነው፣ የዚያን ቀን ማታ ቴሌቪዥን የለም።