የሣር ማጨጃና የቅጠል መንፊያ ሲገዙ፦ ባትሪ ወይስ ቤንዚን?

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው ፀደይ እንደገባ የሣር ማጨጃ፣ ክረምቱ ከመቃረቡ በፊት ደግሞ በተለምዶ ብሎወር የሚባለውን የቅጠል መንፊያ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ሱቅ ገብቶ በባትሪ ከሚሠራውና በቤንዚን ከሚሠራው መካከል ከመምረጡ በፊት ግን ሕጉን፣ የግቢውን ስፋትና የባትሪውን አቅም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢመረምር ወጪውን ይቀንሳል።

ከሕጉ እንጀምር። በዋሽንግተን ዲሲ በቤንዚን የሚሠራ ብሎወር መሸጥም ሆነ መጠቀም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሽያጩን ከጁላይ 1 ቀን 2024፣ አጠቃቀሙን ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሏል። እነዚህ ክልከላዎች የሚመለከቱት ብሎወርን እንጂ የሣር ማጨጃን ስላልሆነ፣ በእነዚህ ቦታዎች የሚኖር ሰው ለቅጠሉ ባትሪ መምረጡ ግዴታ ሲሆን ለሣሩ ግን ምርጫው አሁንም በእጁ ነው። ካሊፎርኒያ ከዚህም አልፋ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ የሚመረቱ አብዛኞቹ አዳዲስ የግቢ መሣሪያዎች ጭስ አልባ እንዲሆኑ ደንግጋለች።

ቀጥሎ ግቢዎን ይለኩ። በቤቱ ሰነድ ላይ የተጻፈው ስፋት ቤቱን፣ የመኪና መግቢያውንና የእግር መንገዱን ስለሚጨምር፣ የሚታጨደው ሣር ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጠቅላላ ቦታው ሩብ ኤከር፣ ማለትም 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ ለሆነ ቤት፣ በእኔ ግምት ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። ከአንድ ኤከር በላይ ለሆነ ቦታ፣ ወይም ሣሩ ጉልበት እስኪደርስ ትተው ከዝናብ በኋላ የማጨድ ልማድ ካለዎት፣ ቤንዚን አሁንም ያዋጣል፤ ነዳጁ ሲያልቅ በሁለት ደቂቃ ይሞላልና።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ባትሪው ላይ ነው። ሻጮች ቮልቱን በትልቁ ይጽፋሉ፤ ይሁን እንጂ ባትሪው ምን ያህል እንደሚያሠራ የሚናገረው ቮልቱ በአምፔር-ሰዓት ተባዝቶ የሚገኘው ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 56 ቮልትና 5 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በሙሉ ኃይል 800 ዋት የሚስብ ብሎወር ይህን በ21 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በመሆኑም የባትሪ እውነተኛ ፈተና የሰኔ ሣር ሳይሆን የኅዳር ቅጠል ነው፤ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ግቢ ቢያንስ ሁለት ባትሪ ይፈልጋል። በተጨማሪም የአንዱ ኩባንያ ባትሪ ብዙውን ጊዜ በሌላው መሣሪያ ላይ ስለማይገጥም፣ መጀመሪያ ማጨጃውን ከነባትሪውና ከነቻርጀሩ መግዛት፣ ከዚያ ብሎወሩንና የዳር ሣር መቁረጫውን ከዚያው ኩባንያ ያለ ባትሪ መግዛት ይበጃል። እኔ ብሆን ከማጨጃው በፊት ባትሪውን መርጬ እጨርስ ነበር።

አጠቃቀሙም ዕድሜውን ይወስናል። በአካባቢው የተለመደውን ፌስኪዩ ሣር ከ3 እስከ 4 ኢንች ከፍታ መተውና በአንድ ጊዜ ከርዝመቱ ሲሶ በላይ አለመቁረጥ ለሣሩም ለባትሪውም ይጠቅማል፤ የደነዘ ስለትም ባትሪ ይበላል። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ መደረግ ስለሌለበት በክረምት ጋራዥ ውስጥ ከመተው ይልቅ ግማሽ ያህል ሞልተው ቀዝቀዝ ባለና በደረቅ የቤት ክፍል ያስቀምጡት። ያረጀውንም ከቆሻሻ ጋር መጣል እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አሮጌ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ይውሰዱት።

ቤንዚን የመረጠ ሰው ሥራው ከዚህ ይበዛል። ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚሞላበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ብዙውን ጊዜ የ50 ለ1 ድብልቅ ይፈልጋል፤ ይህም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ሲሆን፣ ትክክለኛው ልክ ግን በመሣሪያው መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። ባለ አራት ምቱ ማጨጃ ዘይቱ ለብቻው ይሞላል፤ ካንዴላውና የአየር ፊልትሮውም በየጊዜው መታየት አለባቸው። ከሁሉ በላይ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቆም እየተበላሸ ካርቡራተሩን ስለሚደፍነው፣ ክረምት ሲገባ ታንኩን ባዶ ማድረግ ወይም ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ መጨመር ያስፈልጋል። በፀደይ የማይነሣ ማጨጃ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው። ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት በካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚገድል ፈጽሞ አይሞከርም።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከሥር ያለውን ስለት ከማጽዳትዎ በፊት ባትሪውን ያውጡ፣ ቤንዚን ከሆነም የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። ያገለገለ የባትሪ መሣሪያ በርካሽ ካገኙ ደግሞ ዋጋውን ከመነጋገርዎ በፊት የባትሪውን ዕድሜ ይጠይቁ፣ አዲስ ባትሪ ስንት እንደሚያወጣም ሱቅ ገብተው ይመልከቱ።